ምስጠራው ሳይሰበር መልዕክት የሚነበበው እንዴት ነው?

«ዋትስአፕ የተመሰጠረ ነው፤ ኩባንያው ራሱ እንኳ ሊያነበው አይችልም ይባላል። ታዲያ ሰዎች በግል የተጻጻፉት ነገር እንዴት በሌላ ሰው እጅ ይገባል?» ስለ ስልክ ደህንነት ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምስጠራው እውነት ነው፣ መልዕክት መሰረቁም እውነት ነው። ሁለቱ አብረው እንዴት እንደሚኖሩ የገባው ሰው፣ ራሱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ግማሹን አውቋል።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ የሚባለው አሠራር ይህ ነው። መልዕክቱን የሚቆልፈው የላኪው ስልክ ነው፤ የሚከፍተው ደግሞ የተቀባዩ ስልክ ብቻ ነው። መሃል ላይ ያሉት ሁሉ፣ ኢትዮ ቴሌኮምም ይሁን ሳፋሪኮም፣ የካፌው ዋይፋይም ይሁን የዋትስአፕ ሰርቨር፣ የሚያሳልፉት ነገር ለእነሱ ትርጉም የለሽ የቁጥር ድርድር ነው። ነገር ግን ሰው እንዲያነበው መልዕክቱ ስክሪን ላይ ተፈትቶ መውጣት አለበት። የስለላ ሶፍትዌር፣ ማለትም ስፓይዌር፣ የሚያደፍጠው እዚያ ነው። የታሸገ ደብዳቤ ማንም ሳይከፍተው ቢደርስ እንኳ፣ ከአንባቢው ትከሻ ጀርባ የቆመ ሰው ካለ ማሸጉ አይጠቅምም። ስፓይዌር ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፣ የምትጽፉትን ፊደል በፊደል ይመዘግባል፣ ማይኩንና ካሜራውን ያበራል፣ የት እንዳላችሁ ያያል፣ ጋለሪያችሁንና የስልክ ማውጫችሁን ይገለብጣል። ምስጠራውን መስበር አያስፈልገውም፤ እናንተ የምታዩትን ያያል።

ስለዚህ «የትኛው አፕ ነው አስተማማኙ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ስልኬ ውስጥ ማን ሊገባ ይችላል? በየት በኩል?» የሚለው ይቀድማል። እኛ ሐበሾች ደግሞ ይህን ጥያቄ ከብዙ ሕዝብ ቀድመን ልንጠይቅ ይገባን ነበር። የዓለም ተመራማሪዎች ስለ መንግሥታት ስፓይዌር ማጥናት ሲጀምሩ በተደጋጋሚ ያገኙት የኢትዮጵያን ስም ነውና። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ፣ የአዋጁ ቁጥር ሲቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪላንድ ውስጥ ያለች አንዲት ኮምፒውተር

በ2014 መጀመሪያ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ለራሱና ለቤተሰቡ ደህንነት ሲል እውነተኛ ስሙን አላወጣም፤ በፍርድ ቤት መዝገብ የሚታወቀው «ኪዳኔ» በሚል ስም ነው። በክሱ እንደተገለጸው፣ ነገሩ የጀመረው ከሚያውቀው ሰው በደረሰው ኢሜይል ነው። ኢሜይሉ ከሌላ ቦታ ተነስቶ በፎርዋርድ የመጣ ነበር። ተያይዞ የመጣውን የዎርድ ፋይል ከፈተው። ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር በዚያው ገባ።

ከ2012 መገባደጃ እስከ ማርች 2013 ድረስ፣ ይላል ክሱ፣ ሶፍትዌሩ የስካይፕ ጥሪዎቹን እየቀዳ፣ ኢሜይሎቹን እየገለበጠ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ይልክ ነበር። ስካይፕ በመንገዱ ላይ የተመሰጠረ ነበር፤ ያ ግን ምንም አላገደም፣ ድምፁ የተቀዳው ከመመስጠሩ በፊትና ከተፈታ በኋላ ነውና። የቤቱ ልጅ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ነገር እንኳ አልቀረም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። አንደኛው ፋይሉ የመጣው ከማይታወቅ ሰው አለመሆኑ ነው። «ከማታውቁት ሰው የመጣ ነገር አትክፈቱ» የሚለው ምክር እዚህ ቤት ውስጥ ምንም ባልረዳ ነበር። ሰላዩ የሚፈልገው እምነት ነው፤ እምነት ደግሞ በፎርዋርድ ይተላለፋል። ሁለተኛው ያ ልጅ ነው። ፖለቲካ ውስጥ የለበትም፤ የቤት ሥራውን እየሠራ ነበር። ስፓይዌር አንድን ሰው ነጥሎ አይሰልልም፣ በዚያ ዕቃ የሚጠቀመውን ሁሉ አብሮ ይወስዳል።

ክሱ ምን ደረሰ? ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በማርች 2017 ውድቅ አደረገው። ድርጊቱ አልተፈጸመም ብሎ ግን አይደለም። የውጭ መንግሥት በእንዲህ ያለ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ የሚከሰሰው ጥፋቱ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አሜሪካ ውስጥ ሲሆን ነው፤ ይህኛው ግን ታቅዶ የተላከው ከውጭ ነው አለ። ሳሎኑ ውስጥ ሆኖ የተሰለለ ሰው ጉዳዩ በፍሬ ነገሩ ሳይታይለት ቀረ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኪዳኔ ብቻውን አልነበረም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በማርች 2013 ባወጣው ጥናት፣ የግንቦት 7 አመራሮችን ፎቶ እንደ ማጥመጃ የተጠቀመ የፊንስፓይ ዘመቻ አጋልጧል፤ ሰርቨሩ የሚገኘው በኢትዮ ቴሌኮም ኔትወርክ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 20 ቀን ደግሞ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የኢሳት ጋዜጠኞችን ለማጥመድ ሦስት ጊዜ ተሞከረ፤ የዚህኛው ሶፍትዌር ሠሪ ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ2015 ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋባይት ሰነዱ ሜዳ ላይ ሲበተን፣ ከደንበኞቹ መካከል የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ ማለትም ኢንሳ፣ ተገኘ።

ቀጥሎ ያለውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። በ2016ና በ2017 የያኔው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ ጃዋር መሐመድን ጨምሮ ብዙ ሰዎች ኢሜይል ይደርሳቸው ነበር። ውስጡ ያለው ሊንክ ኢስትአፍሮ ወደተባለው የቪዲዮና የዜና ድረ ገጽ የሚወስድ ይመስላል። የእውነተኛው ድረ ገጽ አድራሻ የሚያልቀው በነጥብ ኮም ነው፤ የተላከላቸው ግን በነጥብ ኔት ያልቃል። ሲነኩት የቪዲዮ ገጽ ይከፈታል፤ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየራችሁን አድሱ ይላል። አድሱ የተባለው ፋይል ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሸጠው ስፓይዌር ነበር። የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች ሰላዮቹ ሳይዘጉት የተዉትን የሰርቨር መዝገብ አግኝተው ከዓመት በላይ ሲከታተሉ፣ ሶፍትዌሩ የተጫነባቸው መሣሪያዎች ወደ 20 በሚጠጉ አገሮች ተበትነው አገኙ። ወጥመዱ የተሠራው እኛ በየቀኑ ከምንከታተለው ነገር ነው፦ የአገር ቤት ወሬ፣ ቪዲዮ፣ የተቃውሞ ዜና። ሰውን የሚያስቸኩለው ነገር በታወቀ መጠን ማጥመጃው እየተሳካ ይሄዳል።

ሳይነኩት የሚገባው

እስካሁን ያየነው ሁሉ ተጠቂው አንድ ነገር እንዲነካ ይፈልጋል። ከዚያ የሚብሰው ምንም ሳትነኩ የሚገባው ነው። እዚህ ላይ የታወቀው ስም ኤንኤስኦ ግሩፕ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራው ፔጋሰስ ነው።

በ2016 ፔጋሰስ ገና ሊንክ ያስነካ ነበር። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ አሕመድ ማንሱር በእስር ቤቶች ስለሚፈጸም ስቃይ «አዲስ ምስጢር» የሚል ኤስኤምኤስ ደረሰው። ሊንኩን ከመንካት ይልቅ ለሲቲዝን ላብ ላከው። አፕል ማንም የማያውቃቸውን ሦስት የሶፍትዌር ቀዳዳዎች የደፈነው በዚያ ምክንያት ነው። በዓለም ዙሪያ አይፎን የያዘ ሁሉ የዚያ ሰው ባለውለታ ነው፤ እሱ ግን በ2017 ታሰረ፣ በ2018 አሥር ዓመት ተፈረደበት።

በ2019 ሊንኩም ቀረ። በዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ ላይ የነበረ ስህተት ተጠቅመው ስልክ ይደውላሉ፤ ባታነሱትም ይገባል። ዋትስአፕ 1,400 ያህል ስልኮች ዒላማ እንደሆኑ ገልጾ ኤንኤስኦን ከሰሰ፤ በ2024 መጨረሻ ፍርድ ቤቱ ኩባንያውን ተጠያቂ ነው አለው። በ2021 የተገኘው ሌላ ቀዳዳ ደግሞ በአይሜሴጅ፣ ማለትም በአይፎን የራሱ መልዕክት መላኪያ፣ የሚላክ፣ ስሙ የጊፍ ምስል የሆነ ውስጡ ግን ፒዲኤፍ የሆነ ፋይል ነበር። ስልኩ ምስሉን ለማሳየት ሲዘጋጅ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ ተያዘ።

እንዴት ሊሆን ይችላል? ስልክ መልዕክት ሲደርሰው እናንተ ከማየታችሁ በፊት ብዙ ነገር ይሠራል፤ ፎቶውን አሳንሶ ያዘጋጃል፣ የሊንኩን ቅንጭብ ያወጣል፣ ጥሪውን ይቀበላል። በዚህ ሥራ መሃል ያለች አንዲት የፕሮግራም ስህተት ለጠላፊ በር ናት። ሠሪው ኩባንያ ስህተቷን ስላላወቃት መድኃኒት የላትም። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በሚሊዮን ዶላር ይሸጣል፤ ስለዚህም በዘፈቀደ አይባክንም። ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ፣ ፖለቲከኛ፣ የመብት ተሟጋች፣ ወይም የእነዚህ ሰዎች ቤተሰብና ወዳጅ ካልሆናችሁ ፔጋሰስ ስልካችሁ ላይ ሊኖር የሚችልበት ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ከሆናችሁ ግን አትናቁት።

ለእነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ንገራቸው ብባል፣ ሶፍትዌራችሁን በወጣበት ቀን አድሱ እላለሁ። ዳታ ይበላል፣ ማታ ማታ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም አፕዴት የሚደፍነው ብዙ ጊዜ ሰው የተጠለፈበትን በር ነው። ሁለተኛው ስልኩን በየጊዜው አጥፍቶ ማብራት ነው። የዛሬ ስፓይዌሮች ብዙዎቹ ጊዜያዊ ማኅደር ላይ ብቻ ስለሚሰፍሩ ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ ጠላፊው እንደገና መምጣት ይኖርበታል። ሦስተኛው የአይፎን ላክዳውን ሞድ ነው፤ ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» በሚለው ሥር አለ። አብዛኛውን የመልዕክት አባሪ ያግዳል፣ የሊንክ ቅንጭብ አያሳይም፣ ከማታውቁት ሰው የሚመጣ የፌስታይም ጥሪ አይቀበልም። የስልኩን አጠቃቀም ትንሽ ይገድባል፤ አደጋ ያለበት ሰው ግን ሊታገሰው የሚገባ ነው። አንድሮይድ 16 ላይም «አድቫንስድ ፕሮቴክሽን» የሚባል ተመሳሳይ ነገር መጥቷል።

አፕል ወይም ዋትስአፕ «የስፓይዌር ጥቃት ዒላማ ሆነዋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ከላከላችሁ አታጣጥሉት። አፕል ከ2021 ጀምሮ ከ150 በላይ አገሮች ላሉ ሰዎች ልኳል። እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ግን ሊንክ ንኩ፣ ፋይል ጫኑ፣ ፓስወርድ ስጡ አይልም። የሚል ከሆነ ራሱ ወጥመድ ነው። የአፕሉን ለማጣራት በራሳችሁ እጅ የአፕል መለያ ገጻችሁን ከፍታችሁ ግቡ፤ ማስጠንቀቂያው እዚያም ይታያል።

ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ

አብዛኛው አንባቢ የሚያስፈልገው ግን ይሄኛው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ስልክን ምንም ሳያስነኩ ከሩቅ መጥለፍ ሚሊዮን ዶላር ሊጠይቅ ይችላል፤ ስልኩን በእጁ ይዞ የመክፈቻ ቁጥሩን ለሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ባል፣ ሚስት፣ የቀድሞ ፍቅረኛ፣ አሠሪ፣ ስልክ ጠጋኝ። «ልጆችን ለመቆጣጠር» ተብለው በግልጽ የሚሸጡ አፖች አሉ፤ ከተጫኑ በኋላ ምልክታቸውን ከስክሪን ላይ አጥፍተው የስልኩ የራሱ አካል የሚመስል ስም ይይዛሉ።

አንድሮይድ የያዛችሁ ሴቲንግ ከፍታችሁ «አክሰሲቢሊቲ» የሚለውን እዩ። ይህ ፈቃድ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ስክሪኑን አንብበው ለሚያሰሙ አፖች የታሰበ ነው። ስክሪን ማንበብ የሚችል ግን ዋትስአፕም ሲግናልም ማንበብ ይችላል፤ ሰላይ አፖች የሚወዱትም ለዚህ ነው። እዚያ ውስጥ የማታውቁት ስም በርቶ ካገኛችሁ ጠርጥሩ። «ዲቫይስ አድሚን» የሚለውንም፣ ማስታወቂያዎችን ማንበብ የተፈቀደላቸውን አፖችም እዩ። ፕሌይስቶር ውስጥ አደገኛ አፖችን የሚፈትሸው «ፕሌይ ፕሮቴክት» ጠፍቶ ከሆነ፣ ያጠፋችሁት እናንተ ካልሆናችሁ፣ አንድ ሰው አጥፍቶታል።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ስፓይዌር እንኳ አያስፈልግም። የዋትስአፕን «ሊንክድ ዲቫይስስ» አሁኑኑ ክፈቱት። የቴሌግራምን «ዲቫይስስ» ክፈቱት። የማታውቁት ኮምፒውተር ካለ፣ አንድ ሰው ስልካችሁን ለአንድ አፍታ ወስዶ ኪውአር ኮዱን ስካን አድርጎበት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ የምትጻጻፉትን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያነባል። እዚያው ላይ አስወጡት። ሌላም በእኛ ዘንድ የተለመደ ነገር አለ። ከውጭ አገር ዘመድ ስልክ ሲልክ በራሱ ጂሜይል ወይም በራሱ አይክላውድ አስተካክሎ ይልካል፤ ሰፈር ያለ የሞባይል ሱቅም ለእናት የከፈተላትን አካውንት ፓስወርድ እሱው ይዞት ይቀራል። ክፋት ላይኖረው ይችላል። ግን ያንን ፓስወርድ የያዘ ሰው ፎቶውን፣ ባክአፑን፣ ስልኩ ያለበትን ቦታ ማየት ይችላል። አካውንቱ በራሷ ስምና በራሷ ፓስወርድ ይሁን። አይፎን ላይ «ሴፍቲ ቼክ» የሚለው፣ ማን ምን እንደሚያይ ዘርዝሮ ያሳያል፣ ባንድ ጊዜም ያቋርጣል።

«ባሏ ነው፣ ምን አለበት» የሚለውን ክርክር አልቀበልም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው በደብዳቤም በስልክም የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ሲደነግግ ያገቡ ሰዎችን ለይቶ አላስቀረም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ መግባትንና መጥለፍን ወንጀል ያደርጋል።

ስለ ቴሌግራም አንድ ነገር

አገር ቤት ሁሉ ነገር ቴሌግራም ነው፤ የዕቁብ ቡድኑ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ። ብዙ ሰው ግን ቴሌግራም በራሱ እንደ ዋትስአፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ይመስለዋል። አይደለም። ተራው ቻት የሚቀመጠው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው፤ አዲስ ስልክ ስታወጡ የድሮው ሁሉ ተመልሶ የሚመጣላችሁም ለዚህ ነው። ከቻቶቹ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» ብላችሁ ለብቻ የከፈታችሁት የሁለት ሰው ንግግር ብቻ ነው። የቡድን ቻት ላይ ጭራሽ የለም። የመግቢያ ኮዱ ደግሞ በኤስኤምኤስ ሊመጣ ይችላል፣ ኤስኤምኤስ ደግሞ በስልክ ኩባንያ በኩል ያልፋል፤ በ2016 ኢራን ውስጥ ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች የቴሌግራም አካውንት የተጠለፈው በዚህ መንገድ መሆኑን ተመራማሪዎች ገልጸዋል። መፍትሔው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብርቶ ከኮዱ ሌላ የራሳችሁን ፓስወርድ መጨመር ነው።

የቴሌግራም ቻናሎች የኤፒኬ ፋይል፣ ማለትም ከፕሌይስቶር ውጭ የሚጫን የአንድሮይድ አፕ፣ ገበያም ናቸው። በነፃ የሚከፈት ፊልም፣ የተከፈተ ጌም፣ ጂቢ ዋትስአፕ የሚባለው በሌላ ሰው የተለወጠ የዋትስአፕ ቅጂ። ጂቢ ዋትስአፕን ማን እንደሠራው፣ የጫናችሁት ቅጂ ውስጥ ምን እንደተጨመረበት ማወቅ አይቻልም፤ መልዕክታችሁን ግን ሁሉ ተፈትቶ ያየዋል። ሰው የማየቱን ሰማያዊ ምልክት ለመደበቅ ብሎ ቤቱን ሁሉ ለማይታወቅ ሰው መክፈት አያዋጣም።

ኮከብ፣ መሰላል፣ ሃያ አንድ

ስልኬ ተጠልፎ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «ኮከብ መሰላል 21 መሰላል ደውሉ፣ ሰላይ ካለ ይነግራችኋል» የሚል ምክር ይዞራል። ይህ ቁጥር የሚነግራችሁ ጥሪያችሁ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲተላለፍ ተደርጎ እንደሆነ ብቻ ነው። ያንን ማወቁ አይከፋም፤ ስለ ስፓይዌር ግን ምንም አይናገርም። ስልክ መሞቅና ባትሪ ቶሎ ማለቅም እንዲሁ፤ ባትሪው አርጅቶ ሊሆን ይችላል፣ የረቀቀው ስፓይዌር ደግሞ ምንም ሳያሞቅ ይሠራል።

እንደ ፔጋሰስ ያለውን በርግጥ ማግኘት የሚችለው የስልኩን መዝገብ የሚመረምር ባለሙያ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በነፃ አውጥቷል፤ አክሰስ ናው የተባለው ድርጅትም ለጋዜጠኞችና ለመብት ተሟጋቾች የሚረዳ የእርዳታ መስመር አለው። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካላችሁ ስልኩን ከማስመርመራችሁ በፊት ፎርማት አታድርጉት፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ለተራው ሰላይ አፕ ግን ፎርማት ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፓስወርዶችን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ላይ መቀየር፣ አፖቹንም ከባክአፕ ሳይሆን ከፕሌይስቶር እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል።

እስከዚያው የሚሰረቀውን ማሳነስ ይቻላል። ሲግናልና ዋትስአፕ ላይ መልዕክት በራሱ እንዲጠፋ ጊዜ ቁረጡለት፤ ሰላይ ዛሬ ቢገባ የሦስት ዓመት ወሬ አያገኝም። የዋትስአፕ ባክአፕም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እንዲመሰጠር ካላደረጋችሁት፣ ጎግል ድራይቭ ወይም አይክላውድ ላይ ከዋናው ቻት ባነሰ ጥበቃ ይቀመጣል። መልዕክት ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ስልክ ላይ እንዳለም አስቡ። የእናንተ ንጹሕ ሆኖ የተቀባዩ ከተያዘ ውጤቱ ያው ነው፤ ሁለት መቶ ሰው ያለበት ቡድን ውስጥ ደግሞ ሁለት መቶ ስልክ አለ። አንዳንድ ነገር ፊት ለፊት ተገናኝቶ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ትቶ መነጋገር ይሻላል።

የምትፈሩት ሰው አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ሰላይ አፑን ባጠፋችሁበት ቅጽበት እሱ ያውቃል፤ የሚመጣለት ነገር ይቋረጣልና። ዱላ ያለበት ቤት ውስጥ ያ ቅጽበት አደገኛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ስልክ እንዳለ ተዉት፣ እንደ ወትሮው ተጠቀሙበት። እርዳታ የምትጠይቁበትን፣ የምትሄዱበትን ቦታ የምትነጋገሩበትን ሁሉ እሱ ነክቶት በማያውቅ ስልክ፣ በጓደኛ ወይም በሥራ ባልደረባ ስልክ አድርጉት፤ የስክሪኑን ማስረጃም በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱ። አፑን ማጥፋት ደህና ቦታ ከደረሳችሁ በኋላ ይደርሳል።